ከግራ በታች ያለው ቀለበት

መሥሪያ ቤት ውስጥ በስሟ የሚጠራት ሰው አልነበረም፤ ሁሉም «ዓይናማ» ነበር የሚላት። ግማሹ ቀልድ፣ ግማሹ ሙገሳ ነው። መነጽሯ የጠርሙስ ቂጥ ያህላል፤ ያለ እሱ የራሷን ጣቶች መቁጠር አትችልም። ከመነጽሩ ጀርባ ያለው ዓይን ግን ሌላው ሰው የማያየውን ያያል። ሥራዋም ማየት ነበር።

ትልልቅ የሬዲዮ ቴሌስኮፖች ከሰማይ የለቀሙትን ምልክት ኮምፒውተር ወደ ምስል ይለውጠዋል። ምስሉ ነጭ ነው፤ ሰማይ ላይ የሚያበራው ነገር በምስሉ ላይ ጠቆር ብሎ ይወጣል። የሷ ድርሻ በዚያ ነጭ ላይ የፈነዱ ኮከቦችን ቅሪት መፈለግ ነው። አንድ ትልቅ ኮከብ ዕድሜውን ጨርሶ ሲፈነዳ ሆድ ዕቃው ሁሉ ወደ ውጭ ይበተናል። የተበተነው ጋዝ ለብዙ ሺህ ዓመታት እየሰፋ፣ መንገድ ላይ ካገኘው ጋር እየተላተመ ያበራል፤ ከሩቅ ለሚያየው ቀለበት ይመስላል። ብርቱዎቹን ኮምፒውተሩ ራሱ ይለቅማቸዋል። የደከሙትን፣ የተቀደዱትን፣ ግማሽ ጎናቸው የጠፋውን ግን ሰው ካላያቸው ማንም አያያቸውም። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ሠላሳ አንድ አግኝታለች። እናቷ አንድ ቀን ኮከቡ ከሞተ ምኑ ነው የሚያበራው ብላ ጠይቃት ነበር፤ ብታስረዳት ብታስረዳት «እንግዲያው አልሞተማ» ብላ ክርክሩን ዘጋችው።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ ሁለት መቶ አሥራ አራተኛውን ምስል ከፍታ ስታይ ከግራ በታች በኩል ቀለበት አየች። ቀጭን፣ ጥርት ያለ፣ ባንድ ጎኑ ትንሽ የተከፈተ። ያለፈውን ዓመት ሙሉ አንድም አላገኘችም ነበር፤ ክፍሉን የሚመሩት ፕሮፌሰርም በስብሰባ ላይ የሰው ዓይን ዘመኑ አልፎ ይሆን እያሉ ማጉረምረም ጀምረው ነበር። ምልክት አደረገችበትና ጠራቻቸው። መጥተው ከኋላዋ ቆመው ዓይናቸውን አጨንቁረው ተመለከቱ። እሳቸው አንዳች ነገር አልታያቸውም፤ ግን ከዚህ በፊትም ሳይታያቸው እሷን አምነው አፍረው አያውቁም።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ሌላ አገኘች። ረቡዕ ደግሞ ሦስተኛውን። ፕሮፌሰሩ ደስታቸውን መያዝ አቅቷቸው ለትልቁ ቴሌስኮፕ ኃላፊዎች ጻፉ፤ ለምነው፣ ተለማምጠው፣ ለሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ የስድስት ሰዓት ተራ አገኙ። ሰው ዓመት ጠብቆ የማያገኘው ተራ ነው።

ያልተደሰተ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ፕሮግራሞቹን የሚጽፈው ባልደረባዋ። የሁለት ልጆች አባት፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። «ምናልባት» ሳይል ወሬ ስለማይጀምር ስሙ «ምናልባት» ሆኖ ቀርቷል፤ ምሳ በልተሃል ወይ ሲሉት እንኳ «ምናልባት በልቻለሁ» ይላል እየተባለ ይቀለድበታል። ሐሙስ ዕለት ወንበሩን ጎትቶ አጠገቧ ተቀመጠና ፕሮግራሙ ሦስቱንም እንዳላያቸው ነገራት። ማሽንህን መነጽር ግዛለት ብላ ቀለደችበት። እሱ አልሳቀም።

«ምናልባት እኔ ተሳስቼ ይሆናል» አለ። «ግን ሦስቱም መጠናቸው እኩል ነው። ሦስቱም ከግራ በታች ናቸው። የተከፈቱትም ባንድ በኩል ነው። ሰማይ እንዲህ ይደጋግማል?»

«አንዳንዴ ይደጋግማል» አለችው። እሱ ከሄደ በኋላ ግን ሦስቱን ምስሎች ጎን ለጎን ከፍታ አየች።

ዓርብ ጠዋት ፊቷን ታጥባ፣ መነጽሯን አድርጋ ቀና ስትል፣ የመታጠቢያ ቤቱ ነጭ ግድግዳ ላይ ቀለበቱን አየችው።

መጀመሪያ የውሃ ጠብታ መስሏት በፎጣ ጠረገችው። አልጠፋም። ዓይኗን ወደ ቀኝ ስታዞር ተከትሏት እየዋኘ ሄደ፤ ስታቆም ትንሽ ተወዛውዞ እሱም ቆመ። ቀኝ ዓይኗን በመዳፏ ከደነች፤ ቀለበቱ አለ። ግራውን ከደነች፤ ግድግዳው ባዶ ነው። ደግማ ከደነች፣ ደግማ ገለጠች። የገንዳው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። ከውጭ እህቷ ቶሎ ውጪ እያለች በሩን ታንኳኳ ነበር።

አባቷ ሰዓት ሠሪ ነበር። ዓይኑ መድከም ሲጀምር ለማንም ሳይተነፍስ ሁለት ዓመት ሙሉ ደበቀው። ዕቃውን በመዳሰስ፣ ደንበኛውን በድምፁ፣ የሱቁን መንገድ እርምጃ በመቁጠር ያውቅ ነበር። አንድ ቀን ለአንድ ደንበኛ ሰዓቱን ጠግኖ፣ ወልውሎ፣ በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠው። ሰውዬው ሲፈታው ሰዓትና ደቂቃ የሚያሳዩት ሁለቱ ዘንጎች የሉም። ሰውዬው እየቀለዱብኝ ነው ብሎ ሳቀ። አባቷም ሳቁን ተከትሎ ሳቀ፤ ምኑ እንደሚያስቅ ግን አልገባውም። እሷ የዚያን ጊዜ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ከባንኮኒው ጎን ቆማ አባቷ ሲስቅ አይታዋለች። ከዚያ በኋላ አሥራ አራት ዓመት በጨለማ ኖሮ ሞተ። አባቷ እንዲያ ከሳቀበት ቀን ጀምሮ ስትፈራው የኖረችው ይህንን ቀን ነው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

መሥሪያ ቤት ገብታ መጀመሪያ ያደረገችው ሁለት መቶ አሥራ አራተኛውን ምስል ከፍቶ ግራ ዓይኗን መክደን ነው። ቀለበቱ የለም። በሁለተኛውም በሦስተኛውም ላይ የለም። እንግዲህ ፕሮፌሰሩ ተለማምጠው ያገኙት ስድስት ሰዓት ዓይኗ ውስጥ ለሚዋኝ ጉድፍ ነው የሚውለው። የፕሮፌሰሩ በር ከወንበሯ አሥር እርምጃ አይርቅም። ሁለት ጊዜ ተነሣች። አንዱን ውሃ ቀድታ ተመለሰች። ሁለተኛውን ፕሮፌሰሩ ራሳቸው ኮሪደሩ ላይ አገኟትና ሠላሳ አራት ደረስን እኮ ብለው ትከሻዋን መታ መታ አደረጓት። ፈገግ ብላላቸው ወደ ወንበሯ ተመለሰች።

ሐኪም ዘንድ መሄድን ከሁሉም አብልጣ ፈራች። ካልሄደች ስም የሚያወጣለት የለም፤ ስም ካልወጣለት ደግሞ ነገ ሊጠፋ ይችላል። እንዲህ እያለች ራሷን አታለለች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ብላ ሌላውን ሰው ስትመክር የኖረች ሴት ናት።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ታናሽ እህቷ የእናታቸውን ፀጉር ስትቆርጥ እሷ ማበጠሪያ ታቀብል ነበር። እህቷ ፀጉር ሠሪ ናት፤ ሦስቱም አብረው ነው የሚኖሩት። በድንገት በግራ ዓይኗ ጥግ መብረቅ የመሰለ ነገር ብልጭ አለ። ሰው የሚመታት ይመስል አንገቷን ቀበር አደረገች፤ ማበጠሪያው ከእጇ አመለጠ። እህቷ ምን ሆንሽ አለቻት። ዝንብ ናት አለች። ክፍሉ ውስጥ ዝንብ አልነበረም። እህቷ መቀሱን አየር ላይ እንደያዘች ትንሽ ተመለከተቻትና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ብልጭታው ከዚያ በኋላ አራት ጊዜ መጣ፤ አራቱንም ጊዜ አንገቷን ሳትነቀንቅ ቻለችው።

ሰኞ ጠዋት የመሥሪያ ቤቱን ደረጃ እየቆጠረች እንደምትወጣ ለራሷ ታወቃት። አሥራ ሦስት፣ መታጠፊያ፣ አሥራ ሦስት፣ መታጠፊያ። ማንም ቁጠሪ አላላትም፤ እግሯ በራሱ ጊዜ ነበር የጀመረው። መሃል ደረጃ ላይ ቆማ የብረቱን መደገፊያ ጭምድድ አድርጋ ያዘች። ከላይ የሚወርዱ ሰዎች ደኅና አደርሽ ሲሏት በድምፃቸው ብቻ እየለየች መለሰችላቸው፤ ቀና ብላ ለማየት ድፍረት አጣች።

ማክሰኞ ሁለት መቶ ሠላሳ አንደኛው ምስል ላይ ከመሃል ወደ ቀኝ ከፍ ብሎ የተቀደደ ቀለበት የሚመስል ነገር አየች። ልቧ ድው አለ። ነገር ግን በዓይኗ ላይ እምነት አልቀረላትም። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ ግራ ዓይኗን ከድና እንኳ ሳታጣራ «ባዶ» ብላ ጽፋ አለፈችው። ከዚያ በኋላ የመጣላትን ምስል ሁሉ ባዶ፣ ባዶ እያለች ዋለች።

ረቡዕ ስትነቃ በግራ ዓይኗ ታችኛው ጥግ ጥቁር ነገር ነበር። ጥላ መሰላት። ተነሥታ መስኮቱን ከፈተች፤ ጥላው ከብርሃኑ ጋር አልሄደም። ቁርስ ላይ ቀኝ ዓይኗን ጨፍና ስታይ የብርጭቆዋ ሥር የለም። መሥሪያ ቤት ስትደርስ ጥቁሩ ከታች ወደ ላይ እንደሚሳብ መጋረጃ ከፍ ብሏል። ነገ ሐሙስ ነው። ለፕሮፌሰሩ ዛሬ እነግራቸዋለሁ፣ ዛሬ እነግራቸዋለሁ እያለች ደረጃውን ስትወጣ አሥራ ሁለት ላይ እግሯ ሳተ። በጉልበቷ ወደቀች፤ መነጽሯ ተንከባልሎ ወረደ።

ከኋላዋ ይወጣ የነበረው ባልደረባዋ «ምናልባት» ነው። መነጽሩን አንሥቶ አጠገቧ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ምናልባት አሞሽ ይሆናል አላት። ደኅና ነኝ ልትለው ነበር፤ አፏ ግን ቀደማት።

«ቀለበቶቹ የሉም» አለችው። «ዓይኔ ውስጥ ነው ያሉት። ያወቅሁት ዓርብ ነው፤ አልተናገርኩም።»

ይሰድበኛል ብላ ጠበቀች። እሱ ግን መነጽሯን በሸሚዙ ጫፍ ጠርጎ ሰጣት።

«የትኛው ዓይን ነው?»

«ግራው። አሁን ደግሞ ከታች ጨለመብኝ። ወደ ላይ እየወጣ ነው።»

«ተነሺ፤ እንሂድ» አለ። «ምናልባት» ሳይል ሲወስን የሰማችው ያኔ ብቻ ነው።

ታክሲ ውስጥ ለፕሮፌሰሩ እኔ ልንገራቸው ብሎ ስልኩን አወጣ። የለም አለችው፤ ራሷ ደወለች። ሁለቴ ሌላ ቁጥር ነካች። ሲያነሡ ሁሉንም ባንድ ትንፋሽ ነገረቻቸው፤ ሦስቱም ውሸት እንደሆኑ፣ ዓርብ ዕለት እንዳወቀች፣ አምስት ቀን እንደደበቀች። የሰማዩ ይደርሳል፣ የዓይንሽን ጨርሺ አሏት፤ ድምፃቸው ግን የሌላ ሰው ድምፅ ይመስል ነበር።

ዓይን ሐኪሟ አጭር፣ ቶሎ ቶሎ የምትናገር ሴት ናት። ብሌኑን የሚያሰፋ ጠብታ አድርጋላት፣ አገጯን ማሽኑ ላይ አሳርፋ፣ በኃይለኛ ብርሃን ለረጅም ጊዜ አየቻት። ከዚያ ነገሩን ገለጸችላት። ዓይን ውስጥ ያለው ዝልግልግ ነገር ዕድሜ ሲገፋ ተጨማዶ ከኋላው ግድግዳ ይላቀቃል፤ ቀለበቱ የተላቀቀበት ጠርዝ ነው፤ ብዙ ሰው ምንም ሳይሆን አብሮት ይኖራል። የሷ ግን ሲላቀቅ ሬቲና የሚባለውን፣ ብርሃን የሚቀበለውን ስስ ሽፋን ቀዶታል። በቀዳዳው ውሃ ገብቶ ሽፋኑን ከግድግዳው እየላጠው ነው። ከቤተሰብ እንዲህ የሆነ አለ ወይ ብላ ጠየቀች። አባቴ አለች። ወንድም ወይም እህትስ አለ ወይ አለች ሐኪሟ። አንድ እህት አለችኝ አለቻት። ሐኪሟ እሷም ትታይ ብላ ጻፈች።

«ብልጭታው መቼ ጀመረዎት?»

«እሁድ። ቀለበቱ ግን ከዚያ በፊት ነው።»

«ያኔውኑ ቢመጡ በጨረር አሥር ደቂቃ ይበቃን ነበር» አለች ሐኪሟ። ቁጣ አልነበረበትም፤ እንደ ማንኛውም ነገር ነው ያለችው። «አሁን ቀዶ ጥገና ነው፣ ዛሬውኑ። የማየቱ ዋናው ቦታ መሃሉ ነው፤ ገና አልደረሰበትም። ሳይደርስበት እንቅደመው።»

በመድኃኒት ያስተኙኛል ብላ ነበር፤ ዓይኗን ብቻ ነው ያደነዘዙት። ፊቷን በጨርቅ ሸፍነው ለግራ ዓይኗ ቀዳዳ ተዉ፤ አትነቃነቂ፣ ሳል ከመጣብሽ ቀድመሽ ንገሪን አሏት። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ጉሮሮዋን በላት። ሕመም የለም። ግን ታያለች፤ ቀጭን መርፌ ዓይኗ ውስጥ ገብቶ ጥላው ከወዲህ ወዲያ ሲሄድ፣ ያ ቀለበት ሲሳብ፣ ሲቆራረጥ፣ ተመጥጦ ሲጠፋ አየች። ሊጮህ የነበረ ድምፅ ጥርሷ ሥር ቀረ። አንዲት ነርስ ከጨርቁ ሥር እጇን ይዛት ነበር፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ ሲለቋት የነርሷ እጅ ላይ የጥፍሯ ምልክት ወጥቶ ነበር።

ዓይኗ ውስጥ ጋዝ ሞልተውላት ሰባት ቀን በሆዷ ተኝታ፣ ፊቷን ወደ መሬት ደፍታ እንድትቆይ አዘዟት፤ ጋዙ ወደ ላይ ሲገፋ ሽፋኑን ከግድግዳው ጋር ያጣብቀዋል። ቤት ወስደው አልጋው ጠርዝ ላይ ግንባሯን የምታሳርፍበት ትራስ አበጁላት። የምታየው ወለሉን ብቻ ነው። እህቷ የመጀመሪያውን ቀን አላናገረቻትም፤ ምግብ አቅርባ ትወጣለች። በሁለተኛው ቀን መጥታ ምንጣፉ ላይ በጀርባዋ ተጋደመች፤ ፊት ለፊት ለመተያየት ሌላ መንገድ አልነበረም።

«እትዬ፣ አባባ እንዲህ ነበር ያደረገን» አለቻት። «እማዬ ዛሬም ድረስ ቀድሜ ባውቅ ኖሮ ትላለች። አንቺም ልትደግሚው ነበር?»

«ፈራሁ።»

«እኛስ? እኛ አንፈራም?»

እንባዋ ወደ ታች ተንጠባጥቦ የእህቷ ጉንጭ ላይ ወደቀ፤ እህቷ በእጇ ጀርባ ጠረገችውና እንኳን እኔ ላይ ነጠብሽ፣ ምንጣፉን ትናንት ነው ያጠብኩት አለች። ከዚያ በኋላ መነጋገር ጀመሩ።

በአምስተኛው ቀን ባልደረባዋ «ምናልባት» ሊጠይቃት መጣና እሱም ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ፕሮፌሰሩ ተራውን መልሰውታል። በደብዳቤው ላይ ሳላጣራ የላክሁት እኔ ነኝ ብለው ጥፋቱን በራሳቸው ላይ ጻፉ፤ የተመለሰላቸው መልስ ግን አንድ መስመር ነው፣ የሚቀጥለው ጥያቄያቸው ከሁሉም ኋላ ይታያል የሚል። እሳቸውም ሁለት ቀን ከቢሯቸው አልወጡም። ይህን ስትሰማ ፊቷን ትራሱ ውስጥ ቀበረች። ቀደም ያሉትን ሠላሳ አንዱንም አጣርቻለሁ አላት፤ ሁሉም በሌላ ቴሌስኮፕ ታይተው የተረጋገጡ ናቸው።

ልትነግረው ያሰበችው አንድ ነገር ነበር፤ መልሳ እንዳትዋረድ ፈርታ ሁለት ጊዜ ዋጠችው። ሲነሣ ግን ጠራችው። ፊቷን ደፍታ በከረመችባቸው ቀናት ምስሎቹን በሐሳቧ እያገላበጠች ነበር። ማክሰኞ ባዶ ብላ ያለፈችው ሁለት መቶ ሠላሳ አንደኛው ላይ ያየችው ነገር ወደ ቀኝ ከፍ ብሎ ነው፤ ዓይኗንም ስታዞር አልዋኘም፣ የዋኘው የታችኛው ነው። ተመልከተው፤ ከሌለም ለማንም አትንገርብኝ አለችው።

በማግስቱ ደወለ። ሌሎች ሰዎች ከሃያ ዓመት በፊት በሌላ ቴሌስኮፕ ያነሡት ምስል ላይም፣ በዚያው ቦታ፣ በጣም ደክሞ፣ ግማሽ ቀለበት አለ። «ምናልባት ነው» አላት። ከሱ አፍ ይህ መሐላ ነው። ትልቁ ቴሌስኮፕ ግን ተራ አይሰጣቸውም፤ ስለዚህ እስካሁን መዝገቡ ላይ «የሚጣራ» ተብሎ ተቀምጧል።

ዓይኗ ዳነ፤ እንደ ድሮው ግን አይደለም። በግራ ዓይኗ ስታይ የበር መቃን ትንሽ ይጎብጣል። በሁለተኛው ወር ሥራ ስትጀምር ፕሮፌሰሩ ተነሥተው ተቀበሏት፤ ከዚያ ወዲህ እሷ ምልክት ያደረገችበትን ምስል ሁሉ ባልደረባዋ «ምናልባት» ደግሞ ያየዋል፤ ደንቡን ያቀረበችው ራሷ ናት። ጠዋት ጠዋት አንዱን ዓይኗን ከድና በሌላው ግድግዳውን የምታይባት ቅጽበት አለች፤ በየቀኑ ልቧ በፍርሃት ይመታል።

ሳትታይ የቀረችው እህቷ ናት። አምስት ጊዜ ቀጠሮ ተያዘላት፣ አምስት ጊዜ ሰበብ አገኘች፤ ደንበኛ በዛ፣ ዝናብ ጣለ፣ ራሴን አመመኝ። ያ ሁሉ ቁጣ የት ገባ? አንድ ቅዳሜ ጠዋት እጇን ይዛ ጎትታ ወሰደቻት። መጠበቂያው ክፍል ውስጥ እህቷ ቦርሳዋን ታቅፋ ተቀመጠች።

«ካለብኝስ?» አለች በመጨረሻ።

«ካለብሽ አሥር ደቂቃ ነው። በሩ ላይ ነኝ።»

ነበረባት። ቀኝ ዓይኗ ውስጥ የሳሳች፣ ለመቀደድ የተቃረበች ቦታ ሐኪሟ አገኘችና እዚያው በጨረር ዙሪያዋን አጣበቀችው። ታላቋ እህት በሩን ተደግፋ የማሽኑን ጠቅ፣ ጠቅ ስትሰማ ለራሷ ከፈራችው ይልቅ ፈራች። እህቷ ስትወጣ ዓይኗ በጠብታው ፈዞ፣ እንባዋ እየወረደ፣ ውጭ ያለው ፀሐይ አላስገልጥ አላት። ደረጃውን ክንድ ለክንድ ተያይዘው ወረዱ። እህቷ ዛሬ ከሰዓት በኋላ የቀጠርኳት ሴትዮ ፀጉሯን ጠማማ ቆርጬ ባበላሽባት ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ እያለች ነበር፤ እሷም እሺ፣ እኔ ነኝ፣ ዝም ብለሽ እግርሽን አስተውዪ አለቻት።